የዊንጌቱ ጎሚስታና የእህቱ ስእለት

ወንድሜ ኪሩቤል፣ ዊንጌት ታክሲ መያዣው አጠገብ፣ ጎማ ይጠግን ነበር። ሰው ሁሉ ኪሩ ነው የሚለው። ሙሉ ስሙን የምጠራው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ያውም ስቆጣ።

እኔ ትሕትና እባላለሁ፤ ታላቅ እህቱ ነኝ። ወረዳ ጽሕፈት ቤት ልደት፣ ጋብቻና ሞት እመዘግባለሁ። ዩኒቨርሲቲም የተማርኩት መዝገብ አያያዝ ነው። የኪሩን ሞት ያስመዘገብኩት ነሐሴ ውስጥ ነው። ጠረጴዛው የኔ ስለሆነ ብዕሩን ለባልደረባዬ ለሳቢት ሰጥቼ በተገልጋዩ በኩል ቆምኩ። ሳቢት እያወቀችው፣ "የሥራ ዓይነት?" ብላ ጠየቀችኝ። መጠየቅ ነበረባት፤ እኔም ብሆን እጠይቅ ነበር። "ጎሚስታ" አልኳት። "የግል ሥራ" ብላ ጻፈች። ትክክል ናት፤ እንደዚያ ነው የሚጻፈው። የቀረውን እዚህ እጽፈዋለሁ።

ከአንድ እናትና አባት የተወለድነው ሦስት ነን። የተወለድነው ቀጨኔ፣ እናታችን ወይዘሮ የሺ እስካሁን በሚኖሩበት ቤት ነው። ኪሩ እኔን ይከተላል። ሐመልማል የመጣችው ከብዙ ዓመት በኋላ፣ እናታችን የሕፃን ልብሱን ሁሉ ለጎረቤት ሰጥተው ካበቁ በኋላ ነው። አባታችን ሸማኔ ነበር፤ ሐመልማል ገና ስትድህ ሞተ። ስለዚህ አዝሎ ያሳደጋት ኪሩ ነው ማለት ይቻላል።

ኪሩ ትምህርቱን አሥረኛ ክፍል ላይ ተወው። ሰነፍ ሆኖ አይደለም። ከትምህርት ቤት ሲመለስ የሚያልፍባቸው አንድ ሽማግሌ ጎሚስታ ነበሩ። መጀመሪያ ቆሞ ያያል፤ ቀጥሎ ቁልፍ ያቀብላል፤ በመጨረሻ ትምህርት ቤት መሄዱን ረሳው። ሽማግሌው ሲያርፉ ቦታውን ወረሰ። ቦታ ከተባለ ነው፤ ቆርቆሮ ክዳን፣ ኮምፕረሰር፣ ውሃ የተሞላ ግማሽ በርሜልና ደንበኛ የሚቀመጥበት ኖራ የተቀባ አሮጌ ጎማ። የተነፋውን የውስጥ ጎማ በርሜሉ ውስጥ እየነከረ ያዞርና አረፋ የሚወጣበትን ይጠብቃል። ያን ጊዜ ብታናግረው አይሰማህም።

የታክሲ ሾፌሮቹ ዶክተር ነው የሚሉት።

"ዶክተር፣ በሽተኛ አምጥቻለሁ!"

"አስተኛው" ይላል ክሪኩን እየጎተተ።

አላገባም። እናታችን በየዓመቱ አንድ ልጅ ይጠቁሙታል። "እጄን ታጥቤ ልምጣ" ይላቸዋል። እጁ ታጥቦ የሚጠራ እጅ አልነበረም።

በሽታው የጀመረው አንገቱ ላይ ነው፤ ከጆሮው በታች እንደ ሽምብራ፣ ኋላ እንደ እንቁላል። አያምም። ስላላመመው ዝም አለው። ሾፌሮቹ ግን አላለፉትም።

"ዶክተር፣ አንገትህን ማን ነፋው?"

"ልኩን አልፏል፤ ትንሽ አስተንፍሰው።"

እሱም አብሯቸው ይስቃል። እናታችን አንድ እሑድ አንገቱን በሁለት እጃቸው ይዘው ዳበሱትና አልሳቁም። በማግስቱ ሆስፒታል ወሰድኩት።

ሊምፎማ ነው ተባለ፤ የሊምፍ ዕጢዎች ካንሰር። ሐኪሟ ዶክተር ሀያም ትባላለች፤ ወጣት ናት፤ ፊት ለፊት ነው የምትናገረው። መድኃኒቱ በደም ሥር ተሰጠው፤ ፀጉሩ ረገፈ፤ ዕጢው ጠፋ። ኪሩ ወደ ጎማው ተመለሰ። ዓመት ሳይሞላ ዕጢው መጣ። ሁለተኛ፣ ጠንከር ያለ መድኃኒት ተሰጠው። ዕጢው ግን ኪሩ ገና መድኃኒቱን ሳይጨርስ ተመልሶ መጣ፤ አሁን ደረቱ ውስጥም ገብቷል። ይህ የሆነው ኅዳር ውስጥ ነው።

ዶክተር ሀያም ሦስታችንንም አስጠራችን። እሷ የተማረችው ዴልሂ ነው፤ እዚያ እንዲህ መድኃኒት እምቢ ላለ ሊምፎማ የሚደረግ አንድ ጥናት አለ አለችን።

"ጥናት ነው። ያድነዋል ብዬ ቃል አልገባላችሁም" አለች። "ከጤነኛ ሰው ደም ውስጥ የመከላከያ ሴሎችን ይወስዳሉ፤ በላቦራቶሪ ያነቋቸዋል፤ ከዚያ ለበሽተኛው ይሰጡታል።"

"የኔስ መከላከያ ምን ሆነ?" አለ ኪሩ።

"ያንተ ለምዶታል። የሰፈር ዘበኛ ሌባውን ከልጅነቱ ጀምሮ ሲያውቀው ሰላም ብሎት ያልፋል አይደል? ዘበኛ ከሌላ ሰፈር እናምጣ ነው ነገሩ።"

"ከእህቶቼ ነው የምትወስዱት ግን፤ የኔው ሰፈር ናቸው እኮ።"

"ለዚያ ነው እህት የምንፈልገው። ግማሹ ካንተ ጋር ይመሳሰላል፤ ሰውነትህ በር ላይ አይመልሳቸውም። ግማሹ ይለያል፤ ሌባውን አያውቁትም።"

ኪሩ ወደ ሐመልማል ዞረ። "አንቺ ግማሽሽ ከየት ነው? ድሮም ጠርጥሬ ነበር" አላት። በቦርሳዋ መታችው።

የሁለታችንም ደም ተመረመረ። የኔ አልሆነም። ሳላውቀው ጉበቴ ውስጥ የኖረ ቫይረስ ተገኘ፤ እኔን አላሳመመኝም፤ ለሱ ግን አደጋ ነው። የሐመልማል ሆነ፤ ግማሹ የሚገጥም፣ ጤነኛ፣ ወጣት። ሌላ ሰው አልነበረንም። ከዚያ ቀን ጀምሮ የኪሩ ነገር በሐመልማል ላይ ተንጠለጠለ፤ ሁላችንም ይህን እናውቅ ነበር፤ እሷ ከሁላችን በላይ።

የመንገዱን ወጪ ዕድሩ፣ ሾፌሮቹና የእናታችን ማኅበርተኞች ተሸከሙት። ስለዚያ ሌላ አልጽፍም። ዴልሂ የደረስነው ዐቢይ ጾም ሲገባ ነው።

እዚያ አስተርጓሚያችን ኦልያድ ነበር። የሱሉልታ ልጅ ነው፤ ለትምህርት ሄዶ ቀረ፤ አሁን ከአገር ቤት የሚመጡ ሕሙማንን ከሐኪም ጋር እያገናኘ ይኖራል። ከአውሮፕላን ማረፊያ ሲቀበለን ኪሩን ከላይ እስከ ታች አየውና፣ "በሽተኛው የትኛችሁ ናችሁ? ሁላችሁም ትመስላላችሁ" አለ። ኪሩ በዚያው ወደደው።

በሦስተኛው ቀን ኪሩን ለምርመራ ፎቶ ሲያነሱት እኔና ሐመልማል ሐኪሙ ዘንድ ገባን። ሸምገል ያለ፣ ድምፁ ዝቅ ያለ ሰው ነው። የሐመልማልን አዲስ የደም ውጤት አየ፤ ደግሞ አየ፤ አንድ ነገር ተናገረ።

"ምን ትበላለች ነው የሚለው" አለ ኦልያድ።

"እንደ ሰው" አለች ሐመልማል።

"ሥጋ ትበላለች ወይ?"

"አልበላም።"

ሐኪሙ ፈገግ አለ። "እሱም አይበላም፤ ችግር የለውም ይላል። ወተት ግን?"

"አልጠጣም።"

"እርጎ?"

"አይ።"

"እንቁላል?"

ራሷን ነቀነቀች።

"ጾም ነው፤ ሰሞኑን ነው የገባው። ሁላችንም አንበላም" አልኩ እኔ።

ኦልያድ ተረጎመ። ሐኪሙ ወረቀቱን ወደኔ አዞረ። አዲስ አበባ የተመረመረችበትና የዛሬው ጎን ለጎን ነበሩ። የደሟ መጠን በጣም ወርዷል፤ ክብደቷም እንዲሁ። ይህ የጥቂት ቀን ጾም አይደለም፤ የወራት ነው አለ።

ሐመልማል መሬት መሬቱን ታያለች። "ስእለት ነው" አለች።

ኅዳር ላይ፣ ሁለተኛው መድኃኒት እምቢ ባለ ሰሞን፣ ቀጨኔ መድኃኔዓለም ቆማ ተስላለች። ኪሩ እስኪድን ድረስ ጾምም ይሁን ፍስክ ከእንስሳ የሚገኝ ነገር ላትቀምስ፤ ሌላውንም ቢሆን እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል በአፏ ላይገባ። ለማንም አልነገረችም። ስእለት ሳይደርስ አይወራም። ሥራዋ ዳቦ ቤት ነው፤ ትኩስ ዳቦ ፊት ቀኑን ሙሉ ቆማ ትውላለች። እኛም አላስተዋልንም። እኛ ቤት ከዓመቱ የሚበዛው ጾም ነው፤ አንድ ሰው ሽሮ ቢያበዛ ማን ልብ ይላል።

ሐኪሙ አልተቆጣም። ደሟ ለብዙ ሰዓት በማሽን ውስጥ እየዞረ ነው ሴሎቹ የሚለቀሙት፤ በዚህ ሁኔታ ማሽኑ ላይ አላስተኛትም አለ። ብረት በደም ሥሯ እንሰጣታለን፤ እሷ ግን መብላት አለባት፤ በቀን ሦስቴ፣ እንቁላልም ወተትም። ሁለት ሳምንት እንጠብቃለን። ከዚያ በላይ መጠበቅ አይቻልም፤ ደረቱ ውስጥ ያለው ዕጢ የመተንፈሻ ቧንቧውን እየተጫነ ነው። እሷ ካልደረሰች ወንድሟን ወደ አገሩ እንመልሰዋለን።

"ብረቱን ይስጡኝ" አለች ሐመልማል። "ስእለቴን ግን አላፈርስም።"

ኦልያድ ሁለተኛውን ዓረፍተ ነገር አልተረጎመውም።

በባጃጅ ወደ ማረፊያችን ስንመለስ እጄን ያዘችኝ። "እቴቴ፣ በልቼ ቢሞትስ?"

"ሳትበዪ ቢሞትስ?"

"ያን ጊዜ ያጎደልኩት የለም።"

መንገዱን አየሁ።

ለኪሩ የነገርኩት እኔ ነኝ። ሳል እስኪይዘው ሳቀ። "ዳቦ ቤት ቆመሽ ጦምሽን ትውያለሽ? ባለቤቱ ያውቃል? እንዲህ ያለ ሠራተኛ ከየት ያገኛል!" አላት። ስታለቅስ ጊዜ ሳቁን ተወ። ከዚያ ስልኩን አውጥቶ ቀጨኔ የንስሐ አባታችን ዘንድ ደወለና ድምፁን ከፍ አደረገው። አባ ነገሩን እስከ መጨረሻው ሰሙ።

"ልጄ ሐመልማል፣ ፈትቼሻለሁ" አሉ። "ቀኖናውን ስትመለሺ እሰጥሻለሁ። አሁን ብዪ።"

"እሺ አባ።"

"በመድኃኔዓለም ስም ብዪ።"

"እሺ አባ፤ ይባርኩኝ።"

ስልኩ ተዘጋ። ማታ እራት ሲቀርብ ከምስሩ ብቻ ቀመሰች።

"እሺ ያልሽው ምኑን ነው?" አላት ኪሩ።

"ለአባ እምቢ ይባላል እንዴ? እሳቸው ሩቅ ናቸው። አንተን አላዩህም።"

በማግስቱም፣ በሦስተኛውም ቀን እንዲሁ ሆነ። ብረቱን በደም ሥሯ ትወስዳለች፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ትጾማለች፤ ከዚያ ትንሽ ምስር። ራሷ ይዞራል፤ ግድግዳ ይዛ ነው የምትሄደው። ኪሩ ደግሞ ሲተኛ ያፍነዋል፤ ሦስት ትራስ ተደግፎ ተቀምጦ ነው የሚያድረው። ሁለቱ በአንድ ክፍል ውስጥ ፊት ለፊት ይተያያሉ። እኔ የሁለቱንም መድኃኒት ሰዓቱን ጠብቄ እሰጣለሁ።

በአራተኛው ቀን እኩለ ቀን ላይ ኪሩ፣ "ትሕትና፣ እንቁላል ጥበሺ" አለኝ።

"ስንት?"

"ያለውን ሁሉ።"

ማረፊያው የጋራ ማድ ቤት አለው። በሽንኩርትና ይዘነው በሄድነው በርበሬ ፈርፍሬ፣ ከነሱ ቂጣ ጋር አቀረብኩ። ኪሩ እጁን ታጥቦ መጣ። ሳሙናውን አሽቶ አሽቶ ነው የታጠበው፤ ዛሬም የጣቶቹ እጥፋት ጥቁር ነው። ሐመልማል አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ነበር። አጠገቧ ተቀመጠና ጠቀለለ።

"ኪሩ፣ ተው።"

"እኔ በሽተኛ ነኝ፤ አትከራከሪኝ።"

"ስእለት ነው እኮ።"

"ለማን ብለሽ ነው የተሳልሽው?"

"ላንተ።"

"ለኔ ከሆነ ደርሶኛል። ተቀብያለሁ። ይኸው።"

አፏን ገጠመች። ጉርሻው አየር ላይ ቀረ።

እኛ ቤት የሰው ጉርሻ አየር ላይ ቀርቶ አያውቅም። አባታችን በሕይወት ሳለ አንዴ ኪሩ አኩርፎኝ ጉርሻዬን አልቀበልም ብሎ አባታችን ከማዕድ ተነሥቶ ወጥቷል፤ ያን ቀን ማንም አልበላም። ሐመልማል ያኔ አልተወለደችም። ግን ታውቀዋለች፤ በየበዓሉ ሲነገር ነው ያደገችው።

የኪሩ ክንድ መንቀጥቀጥ ጀመረ። የጭነት መኪና ጎማ ብቻውን አንሥቶ የሚያቆም ክንድ ነበር። ዘይቱ በእጅ አንጓው ላይ ወርዶ ወደ እጅጌው ገባ። ክንዱ ሲዝልበት በግራ እጁ ክርኑን ደገፈው፤ ጉርሻውን ግን አላወረደም። ሐመልማል የተደገፈውን ክርን አየች። ረጅም ጊዜ አየችው።

ከዚያ አፏን ከፈተች።

ዓይኗን ጨፍና አላመጠች። እንባዋ ከእንቁላሉ ጋር አብሮ ገባ። ኪሩ ሌላ ጠቀለለ፤ ተቀበለች። ሌላም። ከዚያ እሷ ጠቅልላ አጎረሰችው። ጉሮሮው ስለጠበበ ቶሎ አይወርድለትም፤ ብዙ አኘከ፤ በውሃ ዋጠው። እኔ ሳህኑን አነሣሁ፤ አጠብኩ፤ ቦታው መለስኩ። ደስታም ሐዘንም አልተሰማኝም። እጄ ይሠራል፤ እጄን አያለሁ።

ከዚያ በኋላ በየማዕዱ እንደ ሐኪም ይመረምራታል። "አፍሽን ክፈቺ። ምላስሽን አውጪ። ዋጥሽው?"

"ሂድ ወደዚያ፣ አንተ ጎማ!"

ቀለሟ ተመለሰ። በቀጠሮው ቀን ሐኪሙ ውጤቱን አየና አውራ ጣቱን አነሣ። እሷን ማሽኑ ላይ አስተኟት። ደሟ በአንድ ክንዷ ይወጣል፤ ማሽኑ የሚፈልገውን ያስቀራል፤ የቀረው በሌላ ክንዷ ይመለሳል። ኪሩ በመስታወት በኩል ቆሞ ያያል። "ይሄ ኮምፕረሰር ነው" አለኝ። "ድምፁን ስሚው። ማን ጠገነው ግን? ቫልቩ ያፏጫል።"

ለሱ ቀደም ብሎ ለአዲሶቹ ሴሎች ቦታ የሚያስለቅቅ መድኃኒት ሰጥተውታል። የሐመልማል ሴሎች በላቦራቶሪ አድረው በማግስቱ መጡ፤ በአንዲት ትንሽ ከረጢት፣ ሲያዩዋት ውሃ የመሰለች። ሰቀሏት። አንድ ጎማ ከሚጠገንበት ጊዜ ባነሰ አለቀች።

"ይኸው ነው?" አለ ኪሩ።

"ይኸው ነው ይላል" አለ ኦልያድ።

"ለዚህች ነው የዴልሂን እንቁላል የጨረስነው?"

ትኩሳት ያዘው፤ ብርድ ብርድ አለው፤ ከዚያ ለቀቀው። ቀን ቀንን ሲከተል አንገቱ ጎደለ። መጀመሪያ የሸሚዙ የላይኛው ቁልፍ ተቆለፈ። ከዚያ ሦስቱ ትራስ ሁለት ሆነ፤ ከዚያ አንድ። ሐመልማል ትስቃለች፤ ስትስቅ ካየኋት ቆይቼ ነበር። ኪሩ በሴሎቿ ጨዋታ አገኘ።

"ሐመልማል፣ ዛሬ ዳቦ አማረኝ። እኔ ዳቦ አልወድም፤ ያንቺ ሰዎች ናቸው።"

"ሰዎቼን እንዳታስርብብኝ!"

"ጎኔንም ወጋኝ። ምን ብለሽ ልከሻቸው ነው?"

"ሥራ ላይ ናቸው፤ ዝም በላቸው።"

በአራተኛው ሳምንት የመጨረሻው ምርመራ ተደረገ። ሐመልማል ጉንፋን ይዟት ማረፊያችን ቀርታለች፤ የገባነው እኔና ኪሩ ነን። ሐኪሙ የደረቱ ዕጢ ከግማሽ በታች ሆኗል አለ። ቀጥሎ፣ የእህትህ ሴሎች አሁን በደምህ ውስጥ አይታዩም አለ። ይህ የሚጠበቅ ነው፤ ሳምንታት ቆይተው ይሄዳሉ፤ አይቀመጡም። የሠሩት ሥራ ምን ያህል እንደሚቆይ ግን አናውቅም።

ኮሪደር ላይ ኪሩ ቆመ። "ለሐመልማል አትንገሪያት።"

"የትኛውን?"

"መሄዳቸውን። ውስጡ ነኝ ብላ ደስ ብሏታል። እኔም ቀልዴ አላለቀም።"

ምርመራው የሱ ነው፤ ምስጢሩም የሱ ነው። እሺ አልኩት።

ለፋሲካ አገራችን ደረስን። የቀጨኔን ዳገት ከአስፋልቱ እስከ ቤታችን ድረስ አንድም ቦታ ሳያርፍ ወጣው፤ እናታችን በር ላይ ቆመው አዩት። ሐመልማል ከሁላችን ጋር ገደፈች። ግንቦትና ሰኔን ዊንጌት ሠራ።

"ዶክተር፣ ህንድ አገር ምን አደረጉህ?"

"አስተንፍሰው፣ ጠጋግነው፣ ላኩኝ።"

"ዋስትና ሰጡህ?"

"የጎሚስታ ሥራ ዋስትና አለው እንዴ?"

ሐምሌ ውስጥ ሳል ጀመረው። በብብቱ ሥር ሌላ ዕጢ ወጣ። ዶክተር ሀያም ዳበሰችውና እጇን ሳትታጠብ ተቀመጠች። ሰውነቱ ለሌላ መድኃኒት አልደረሰም፤ ሳንባው ተመረዘ። ነሐሴ ላይ፣ ዝናብ እየዘነበ፣ ጠዋት ሞተ። እኔና እናታችን አጠገቡ ነበርን። ሐመልማል ለሱ ትኩስ ዳቦ ይዛ መንገድ ላይ ነበረች። ቀጨኔ መድኃኔዓለም ተቀበረ። ያን ቀን ከሰዓት የዊንጌት ታክሲዎች ሰው አልጫኑም።

ፍልሰታ ሲፈታ ሁሉም ገደፈ። ሐመልማል አልገደፈችም። ሐዘን ነው ብለን ተውናት። በአርባው ለካህናቱም ለእንግዳውም ወጡን ስታቀርብ ዋለች፤ እሷ አልቀመሰችም። ጥቅምት ላይ የዳቦ ቤቱ ባለቤት ደወለልኝ፤ መደርደሪያው ሥር ወድቃለች። ቤት ወሰድኳት፤ አስተኛኋት፤ ስኳር በጥብጬ አጠጣኋት።

"መቼ ነው የበላሽው?"

"ትናንት፣ በዘጠኝ ሰዓት።"

"ስእለቱ እኮ አልቋል፣ ሐመልማል።"

"አላለቀም። አፍርሼዋለሁ።" ጣሪያውን ታያለች። "በጾም እንቁላል በላሁ። በዚያ እንቁላል የመጣ ደም ነው የሰጠሁት። እሱ ውስጥ ገባ። ሲያስለው እኔ ነኝ። ሲያተኩሰው እኔ ነኝ። ራሱ አይደል ያንቺ ሰዎች ናቸው ሲለኝ የነበረው? አብረውት ተቀበሩ። እኔ ነኝ የገደልኩት፣ እቴቴ።"

ያን ጊዜ ኪሩን እሺ ያልኩት ለሱ ቀልድ ነው። ቀልዱ ግን ከሱ ጋር አላለቀም፤ እሷ ላይ ቀርቷል።

"አልነበሩም" አልኳት።

"ምኖቹ?"

"ያንቺ ሴሎች። ዴልሂ ሳለን በመጨረሻው ምርመራ ሐኪሙ ፈልጎ አጥቷቸዋል። ሥራቸውን ሠርተው ሄደዋል። እንደዚያ ነው የሚያደርጉት፤ አይቀመጡም። አዲስ አበባ የገባው ብቻውን ነው። ያሳለው ጊዜ ውስጡ አንድም ያንቺ አልነበረም። የገደለው የራሱ በሽታ ነው።"

ተነሥታ ተቀመጠች። "አንድም?"

"አንድም።"

"መቼ ነው ሄዱ ያልሽው?"

"ከፋሲካ በፊት።"

"እሱስ ያውቅ ነበር?"

"አብረን ነው የሰማነው። እንዳልነግርሽ የለመነኝ እሱ ነው።"

በልቧ ወደ ኋላ እየሄደች እንደሆነ ፊቷ ላይ አያለሁ፤ ግንቦትን፣ ሰኔን።

"እና ሰኔ ላይ፣ ዊንጌት ሄጄ፣ ሦስት ዳቦ አስገዝቶኝ ያንቺ ሰዎች ናቸው የራባቸው ያለኝ?"

"ራሱን ነው የራበው።"

"ሦስቱንም እኮ ነው የበላው!"

"ሦስቱንም።"

"ይሄ ውሸታም!" አለች። "ይሄ ጎማ! አንዱን እንኳን አላካፈለኝም።" ትስቃለች ወይም ታለቅሳለች፤ የቱ እንደሆነ አልለየሁትም፤ ድምፁ አንድ ዓይነት ነው። ሲበርድላት ፊቷን በነጠላዋ ጠረገች።

"ያ ግንቦትና ሰኔ" አልኳት "ያንቺ ነው። ከእንቁላሉ የመጣው እሱ ነው።"

ውጪ እናታችን እንጨት ሲሰብሩ ይሰማል።

"እንቁላል አለ?" አለች በመጨረሻ።

"አለ። ዛሬ ግን ሮብ ነው።"

"ሮብ ነው እንዴ?"

"ሮብ ነው።"

ጋደም አለችና ነጠላዋን እስከ አገጯ ሳበች።

"እንግዲያው ነገ" አለች።